ለመድፉ ጨረታ የለም፤ ለጎጆው ግን ፊርማ አያልቅም!

(የደባርቅ፣ የዳባትና የአካባቢው ተወላጆች አዲስ አበባ ውስጥ በተሰበሰቡበት ወቅት አንድ የአካባቢው ተቃዋሚ ፖለቲከኛ ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል እንደሚከተለው ቀርቧል።)



የእኛን አገር ብርድ የለመደ ሰው የአዲስ አበባ ብርድ ምንም አይለውም። የአዲስ አበባ ኑሮ ግን ከቧሂት ውርጭ ይብሳል፤ ያም ሆኖ ጊዜያችሁን ሠውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ስንገናኝ ሁለት ነገር ተከታትለህ ንገረን ብላችሁኝ ነበር። አንደኛው፣ «ለመከላከያ የሚወጣው ይህ ሁሉ ብር የት ገባ? ለእኛስ ምን አመጣልን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «የግንባታው ደንብ ይቀነስልን፤ በወረቀት ታነቅን» የሚል ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ያነሣችሁት ለየብቻ ነበር። እኔም ለየብቻ መልስ ይዤ ልመጣ ነበር ያሰብኩት። ሰነዱን ሳገላብጥ ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ሆነው አገኘኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚህች አገር ደንብ የሚጠብቀው በትንሹ ሰው ላይ ነው። ብሩ እየተለቀ ሲሄድ ደንቡ እየላላ ይሄዳል። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ነው።

እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ተቃዋሚ ማለት ግን መንግሥት የነካውን ሁሉ ጭቃ የሚቀባ ማለት አይደለም። «መከላከያ ለምኔ» የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። በሰሜን ተራራ ሥር ተወልዶ እንዲህ የሚል ሰው ይኖራል ብዬም አላምንም። ጦር ሲመጣ በማን ደጃፍ እንደሚያልፍ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ መከላከያ ማለት ምንድነው? ጠመንጃው ብቻ ነው? ወይስ ከጠመንጃው ኋላ ያለውንም ቤት ይጨምራል?

ውቤ ያከማቹት ጠመንጃ ለማን ሆነ?

ከገዛ ቀያችን ልጀምር። ደረስጌን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ሲገዙ፣ በምጽዋ በኩል ጠመንጃ እያስገቡ ከዘመኑ መኳንንት ሁሉ ደህና የታጠቁ ሰው ነበሩ። ጎን ለጎንም ሽምፐር የተባለውን ጀርመናዊ አሠማርተው ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ መጡባቸው። እዚያው ደረስጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ውቤ ተማረኩ። ያ ሁሉ የተለቀመ ጠመንጃ ለካሣ ሆነ። ካሣም ውቤ ባሳነጹት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘውድ ጭነው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ልብ በሉ! ጠመንጃው በአንድ ቀን ጌታውን ለወጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ይኸው ከ170 ዓመት በኋላም የጃናሞራ ሕዝብ ይሳለመዋል።

ቴዎድሮስስ? አፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ከውጭ መለመን አንገፍግፏቸው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የመድፍ መሥሪያ አቋቋሙ። የዛሬዎቹ ሹማምንት «የመከላከያ ኢንዱስትሪ» የሚሉትን በዚያ ዘመን ያሰቡ ሰው ናቸው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ያንን ጉድ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ተራራውን እየናዱ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ አደረሱት። ነገር ግን መድፉ መቅደላ ሲደርስ አገሩ ከንጉሡ ሸፍቶ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ ሲመጣ መድፉ አልፈየደም፤ ንጉሡም እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ጀግንነታቸውን ማንም አይነካውም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ከኋላ ከሌለ መድፍ ብረት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ እግራችን ሥር ነው። ሊማሊሞ! ጣሊያን ያንን ገደል ፈልፍሎ መንገድ ያወጣው ለእኛ አዝኖ አይደለም። ጦሩንና ስንቁን ሊያመላልስበት ነው። ጦሩ የት ደረሰ? ወልቅፊት ላይ ተከቦ ከርሞ በመስከረም 1934 ዓ.ም. በኮሎኔል ጎኔላ አዛዥነት እጁን ሰጠ። አርበኞቹ አባቶቻችን ምን እንደሠሩ እናንተ ታውቃላችሁ። መንገዱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን የጎንደር እህልና ጨው፣ የሽሬና የአክሱም ነጋዴ በዚያ መንገድ ወጣ ወረደ!

እንግዲህ ከጦር ገንዘብ ለሕዝብ የሚተርፈው ምንድነው? ሰው የሚሄድበት መንገድ፣ ሰው የሚታከምበት ቤት፣ ሰው የሚያድርበት ጣራ ነው። ሌላው ወይ ይተኮሳል፣ ወይ ይዝጋል፣ ወይ ጌታውን ይለውጣል።

ብሩ ስንት ነው?

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። በ2014 ዓ.ም. በጀት ዓመት አጋማሽ ላይ የተወካዮች ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ከዚህ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። ለ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ786.6 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ላይ ለመከላከያ የተያዘው 84 ቢሊዮን ነው። ከእያንዳንዱ 10 ብር ከ1 ብር በላይ ማለት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፣ ለ2016 ዓ.ም. የተያዘው 50 ቢሊዮን ሆነ። ቀነሰ፤ ቢቀንስም ግን ትንሽ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስካይዊን የተባለ የድሮን ፋብሪካ ተመርቆ በቴሌቪዥን አይተናል። «መሣሪያ ከመለመን ወጣን» ተባለ። ጋፋትን ያስታወሰ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይችላል። እኔም አልጠላሁትም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ማን ይቆጣጠረዋል?

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ሜቴክ፣ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። በጄኔራሎች የሚመራ፣ የመከላከያንም የሲቪሉንም ሥራ የጠቀለለ ድርጅት ነበር። «አገር በቀል አቅም» ተባለ፤ ተጨበጨበለት። የህዳሴው ግድብ የብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራም ተሰጠው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ሥራው በመጓተቱ ግድቡን ከሜቴክ መንጠቃቸውን ተናገሩ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ለጋዜጠኞች አንድ ነገር ይፋ አደረጉ። ሜቴክ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉ።

ጉድ በል ጎንደር! 37 ቢሊዮን ብር ያለ ጨረታ! ይህን ያወጣው የተቃዋሚ ጋዜጣ አይደለም፤ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ነው። ለምን ሆነ ብትሉ ምስጢሩ ቀላል ነው። «የመከላከያ ጉዳይ ነው» የሚለው ቃል የማይከፍተው በር የለም። ጨረታ ሲባል ምስጢር ነው፤ ኦዲት ሲባል የአገር ደኅንነት ነው። ለመሆኑ የትራክተርና የሲሚንቶ ዋጋ ምን ምስጢር አለው? የመሣሪያውን ዓይነት ደብቁ፤ ማንም አይጠይቃችሁም። ዋጋውን ግን ለምን?

ቤት ምሽግ ሲሆን

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። ከዳባት ብዙም የማይርቀው ጨና ተክለ ሃይማኖት ላይ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሆነውን አትረሱትም። የአካባቢው ባለሥልጣናት ያኔ ለሮይተርስ የተናገሩት ቢያንስ 120 ሲቪል ሰው በትግራይ ኃይሎች ተገድሏል ብለው ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ባደረገው ማጣራት 26 ሲቪሎች ተረሽነው መገደላቸውን መዝግቧል። ሕወሓት ክሱን አልተቀበለም። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ስም ያለው፣ ክርስትና የተነሣ፣ አርባው የወጣ ሰው ነው። ነፍስ ይማር!

በዚያ ሰሞን የገበሬው ግቢ የውጊያ ቦታ ሆነ። ከሰው ቤት ተተኮሰ፤ በሰው ቤት ላይ ተተኮሰ። እስቲ እንጠያየቅ፤ ያ ግድግዳ ያኔ የአገር ግድግዳ አልነበረም? ጦሩ ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር እንዳይሄድ የቆመው እዚያ አይደለም? ታዲያ ያ ቤት በመከላከያ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው በየትኛው መስመር ነው? ጥይቱ በጀት አለው፤ ታንኩ በጀት አለው፤ ጥይቱን የተቀበለው ግድግዳ ግን በጀት የለውም።

ለመልሶ ግንባታ ምንም አልተሠራም አልልም፤ ውሸት ይሆናል። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ለተጎዱ አካባቢዎች የ300 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ አጽድቋል፤ አማራ ክልልም አለበት። ነገር ግን የገንዘብ ሚኒስቴር ራሱ ባስጠናው ጥናት አገሪቱን ለመጠገን በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል። ማን ወረፋው መጨረሻ ላይ እንደሚቆም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ እሳት ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይል ይፍረስ ከተባለ በኋላ አማራ ክልል በመከላከያና በፋኖ መካከል ወደ ጦርነት ገባ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንዱን ቤት ሳንጠግን ሌላው ፈረሰ። ጥይት እየጮኸ ግድግዳ አይቆምም። ስለዚህ ከማንኛውም ደንብ በፊት የሚያስፈልገው ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን አስቀምጦ መነጋገሩ ነው። ይህን ሳልናገር ስለ ብሎኬትና ስለ ቆርቆሮ ባወራ ታዘቡኝ።

ሕንፃ ሹሙና ጨረቃ ቤት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። 10 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች ያለ ሕንፃ ሹም ፈቃድ ግንባታ እንዳይካሄድ ደነገገ። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ «ሀ» ትንሹ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያና የመሳሰለው። ምድብ «ለ» መካከለኛው ነው። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ነው። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ትንሽና ትልቅ አንድ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ደባርቅ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ስለዚህ አዋጁ ሲመጣ ገና ከጅምሩ ደርሶባታል።

ችግሩ ከወረቀቱ ወደ መስኮቱ ሲወርድ ነው። እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ብዙ ስለሆነች። ከገጠር በጦርነት ተፈናቅላ ከተማ ገባች እንበል። ገጠር ሳለች ባሏ ባህር ዛፍ ቆርጦ፣ ጎረቤት ደቦ ወጥቶ፣ ጭቃ ረግጦ ቤት ይሠራላት ነበር፤ ሕንፃ ሹም የሚባል ሰው አታውቅም። ከተማ ስትገባ «ካርታ አምጪ» ትባላለች። ካርታ ለማግኘት መሬት ያስፈልጋል። መሬት ለማግኘት ሊዝ ያስፈልጋል። ሊዝ ደግሞ ጨረታ ነው፤ ጨረታው የሚሰማው የብርን ድምፅ ነው። ወይም ድሮ የከተማ ቤት ነበራት እንበል፤ ቤቱ ሲቃጠል ካርታውም አብሮ ተቃጠለ። ምትክ ካርታ ለማውጣት ማመልከቻ፣ የቀበሌ ማስረጃ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ ማስታወቂያ ትባላለች። ከዚያ ሳይት ፕላን፣ ፕላን ስምምነት፣ ንድፍ፣ ፈቃድ። ባለሙያው መስክ ወጥቷል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ኔትወርክ የለም፤ ነገ ተመለሺ። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ለመሥራት እኮ ነው!

ታዲያ ምን ታደርጋለች? ልጆቿ ላይ ዝናም እየወረደ ፊርማ ትጠብቅ? አትጠብቅም። በጨረቃ ትሠራለች። እንዲህ ነው ጨረቃ ቤት የሚወለደው። ሰዎቹ «ሕገ ወጥ» ይሏታል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ የማይሠራ ሕግ ሕገ ወጥ ሰው ይፈለፍላል። ፈቃዱ በሦስት ቀን ቢመጣላት በቀን ብርሃን ትሠራ ነበር። በጨረቃ የሠራችው ደግሞ መሠረቱ ጥልቀት ይኑረው አይኑረው የሚያይላት ሰው የለም። ደንቡ ስለበዛ ቁጥጥሩ ጠፋ ማለት ነው! ከዚህም በላይ ጨረቃ ቤት ካለ እጅ መንሻም አለ፤ «አይቼ እንዳላየሁ ልሁን» የሚል ሰው በነጻ ዓይኑን አይጨፍንም።

«አይቻልም፤ ሥርዓት ነው» የሚለን ካለ ግጭን እጠራበታለሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተብሎ ተፈረጀ። ከዚያ መዝገብ እንዲወጣ ግጭ ላይ ይኖሩ የነበሩ 418 አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ድርድሩ ዓመታት ፈጅቷል፤ ለሕዝቡም ቀላል አልነበረም። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ግን መሬቱ ተገኘ፣ ቦታው ተሸነሸነ፣ ቤት ተሠራበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋሊያችን በመዳኑ ደስ ይለኛል፤ ክብራችን ነው። ግን ለዋሊያ ሲባል የሮጠ ወረቀት ለሰው ሲባል ለምን ያነክሳል? ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ላይም ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ ለመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በ2013 ዓ.ም. መጠለያ ተከፈተ። ጥሩ ተደረገ፤ እንግዳ መቀበል የአባቶቻችን ወግ ነው። ከፈለጉ እንደሚችሉ ግን እሱም ምስክር ነው።

የቱ ደንብ ይቀነስ? የቱስ አይነካ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ደንብ ይቀነስ» ስንል ሁሉም ነገር ይፍረስ ማለታችን አይደለም። በሌላው ዓለምም ይኸው ክርክር አለ። ጀርመኖች የቤት እጥረት ቢያስጨንቃቸው እ.ኤ.አ. በ2025 ማዘጋጃ ቤቶቻቸው ከፕላን ደንብ ወጣ ብለው ቶሎ እንዲፈቅዱ ሕግ አወጡ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የኔቶ አገሮች ሄግ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. እስከ 2035 ከኢኮኖሚያቸው 5 በመቶ ለመከላከያና ተያያዥ ጉዳዮች እናውላለን አሉ። ልብ በሉ፤ ከዚያ ውስጥ 1.5 በመቶው ለመሠረተ ልማትና ኅብረተሰቡ አደጋ እንዲቋቋም ለሚያደርጉ ሥራዎች ነው። ሀብታሞቹ እንኳ ድልድዩን ከመከላከያ ቆጥረውታል። እኛ ጋ ድልድይ ሲጠየቅ «በጀት የለም» ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ቱርክን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሕንፃዎች ገንዘብ እየከፈሉ ሕጋዊ እንዲሆኑ ምሕረት ተሰጠ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ምድር ስትንቀጠቀጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙው ፎቅ ተደርምሶበት። ሩቅ አገር ነው ካላችሁ የቅርቡን ልንገራችሁ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም፣ በግንባታ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫ በክብረ በዓሏ ቀን ተደርምሶ ቢያንስ 36 ምእመናን አለቁ። ሊሳለሙ ሄደው! በዚህ ላይ ደንብ ይቀነስ የሚል ሰው ከልቡ አይደለም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ቤቱ ቢወድቅ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ በሆነበት፣ ዝቅ ባለ ቤት ላይ ደንቡ ይቅለል። ቢወድቅ ብዙ ሰው በሚፈጅበት ሕንፃ ላይ ደንቡ ይጥበቅ። ዛሬ የምናየው ግን ተገልብጧል። ባለ ጭቃ ቤቷ ትጉላላለች፤ ባለ ፎቁ ወይ ሰው አለው ወይ ብር አለው።

የምናቀርባቸው ጥያቄዎች

ንግግር ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ከተስማማችሁ በጽሑፍ የምናቀርባቸው አምስት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ በጦርነት የፈረሰ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት በነበረበት መሠረት ላይ ሲሠራ ፈቃድ አይጠየቅ፤ ማሳወቅ ብቻ ይብቃ። ካርታው ለተቃጠለበት ሰው ሦስት ጎረቤትና የቀበሌው መዝገብ ይመስክርለት። እድርተኛውን የሚያውቀው እድርተኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቶች ለትናንሽ ቤቶች የተዘጋጀ ንድፍ በነጻ ይስጡ። አንዱ ለጭቃ ቤት፣ አንዱ ለድንጋይ፣ አንዱ ለብሎኬት ይሁን። የደባርቅ ከተማ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ብርዱንና ነፋሱን የሚችል ንድፍ ይሁን። ከእነዚህ አንዱን የመረጠ ሰው ለንድፍ ገንዘብ አይክፈል፤ መሠረቱን አንድ ባለሙያ መጥቶ ይይለት፤ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ለምድብ «ሀ» የቀን ገደብ ይቆረጥ። በቀኑ መልስ ካልመጣ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠር። ያን ጊዜ ኃላፊው ከስብሰባ እንዴት ቶሎ እንደሚመለስ ታያላችሁ!

አራተኛ፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በሆቴል፣ በቤተ እምነትና በፎቅ ላይ ቁጥጥሩ ይጨመር እንጂ አይቀነስ። ፌሮው፣ ሲሚንቶው፣ መወጣጫው ይታይ። የመንግሥትም ይሁን የመከላከያ፣ ሰው የሚሰበሰብበት ሕንፃ ከዚህ ቁጥጥር ነጻ አይሁን።

አምስተኛ፣ ከመከላከያ በጀት የተወሰነ እጅ ግንባር ለነበሩ ወረዳዎች መንገድ፣ ውሃ፣ ጤና ጣቢያና ቤት መጠገኛ እንዲውል በሕግ ይደንገግ። ሥራው በግልጽ ጨረታ ይሰጥ፤ አሸናፊውና ዋጋው በየማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ገብቶ ያጣራ፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይነገር።

«እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሰዓት መናገር ሠራዊቱን ማዳከም ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሠራዊቱ ማነው? የእኛው ልጅ፣ የሌላውም ድሀ ልጅ አይደለም? ወታደሩ ግንባር ሲሄድ እናቱን የሚተዋት በማን ጣራ ሥር ነው? የእናቱ ቤት ያለ ፈቃድ ተሠርቷል ተብሎ በዶዘር የሚፈርስበት ወታደር ልቡ የት ይሆናል? ሠራዊቱን የሚያዳክመው ያለ ጨረታ የሚገዛ ዕቃና የሚያፈስ የእናት ጣራ ነው እንጂ የእኔ ንግግር አይደለም።

ደግሞ «እናንተ ተቃዋሚዎች ሥልጣን ብትይዙ ምን ልታደርጉ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እነዚህን አምስት ነጥቦች ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ። እኛ ወንበሩ ላይ ከወጣን በኋላ «የመከላከያ ጉዳይ ነው፤ ምስጢር ነው» ማለት ከጀመርን አውጥታችሁ አንብቡልን። ሹመት ሰውን እንደሚያስረሳ በስንቱ አየን!

ለዛሬው የምጠይቃችሁ አንድ ሥራ ነው። በየወረዳችሁ በጦርነቱ የፈረሰ ቤት ያለውን ሰው፣ ምን ያህል ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ እንደቆየ፣ ምን መልስ እንደተሰጠው መዝግባችሁ አምጡ። ባለቤቱ ካልፈቀደ ስሙ አይጻፍ፤ ቦታውና ቀኑ ይበቃል። በሌጣ ወሬ ከሄድን «አሉባልታ» ይሉናል። በዝርዝር ከሄድን ግን ቢያንስ ማን እንደቀበረው እናውቃለን።

ደባርቅ፣ ዳባትና የሰሜን እግርጌ የዚህች አገር በር ሆነው ስንት ዘመን ቆመዋል። በር የሚሰበረው ከውጭ በሚመጣ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ካልጠገነውም ይወድቃል። እኛ የምንለው በሩን ጠግኑ ነው።

ሰላሙን ያውርድልን። እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይጠብቅ።